የዳምጤ ፊት

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ በዚሁ ክረምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ከጄሶ የተሠራ የሰው ራስ ሦስት ባለቤት አወጣ። ሦስቱ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ናቸው። እያንዳንዳቸው «ለእኔ ይገባኛል» ይላሉ፤ እያንዳንዳቸውም እውነታቸውን ነው። ከመካከላቸው አንድ ዋሾ ቢኖር ፍርዱ ይቀልልኝ ነበር፤ የለም። ነገሩን እንደሆነው ላውራላችሁና እናንተ ተከራከሩበት። እኔ ከራሴ ጋር ብቻ ስከራከር ከርሜ ደክሞኛል።

ወንዳፍራሽ እባላለሁ። በአንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቅርጻቅርጽ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሸክላ አፈር አቦካለሁ፣ ጄሶ እበጠብጣለሁ፣ ተማሪዎቹ ከጭቃ የሠሩትን ወደ ጄሶ እገለብጣለሁ፣ ሲጨርሱ ደግሞ ወለሉን እጠርጋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስል ወገቤ አለቀ። ተማሪዎቹ ጋሽ ወንዴ ይሉኛል። ስለ ሥራቸው ትርጉም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ጠቡ አይገባችሁም። ከጭቃ የተሠራ ራስ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አይቆይም። ስለዚህ እርጥቡ ጭቃ ላይ ጄሶ እናለብሰዋለን። ጄሶው ሲጠና ጭቃውን ከውስጥ ዝቀን እናወጣና በባዶው ቦታ አዲስ ጄሶ እንሞላለን። ከዚያ የውጭውን ቅርፊት በመሮ ፈልጠን እንጥላለን። ጭቃውም ፈርሷል፣ ቅርፊቱም ተሰብሯል፤ የሚቀረው አንድ ራስ ብቻ ነው። በየክፍሉ የሚፈታ፣ ደጋግሞ የሚያወጣ ቅርፊትም መሥራት ይቻላል፤ እሱ ግን አምስት ቀን ይፈጃል፣ ወገብም ይፈጃል።

ሴቷ ልጅ ስንዱ ትባላለች፤ የአራተኛ ዓመት ተማሪያችን ናት። ዝምተኛ ናት፤ ስትሠራ የታችኛው ከንፈሯን ትነክሳለች። ያደገችው ሞጆ ነው። አባቷ ዳምጤ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እሷ አራት ዓመቷ ሳለ አንድ ማለዳ ጭኖ ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናውም አልተገኘ፣ እሱም አልተገኘ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ፎቶግራፍ እንኳ አልተረፈም። መንጃ ፈቃዱ አብሮት ሄደ፤ በሠርጋቸው ፎቶ ላይ ደግሞ አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶበት ቀለሙ ተላጠ። ከሙሽራው የቀረው ከአንገት በታች ነው፤ ክራቫትና ኮት።

ስንዱ ለመመረቂያዋ የአባቷን ራስ ልሥራ አለች። እኔ በሆዴ፣ የማታውቂውን ሰው በምን ልትሠሪው ነው አልኩ። እሷ ግን አስባበት ነበር።

ትዝታውን ያመጡት እናቷ ናቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞጆ በአውቶብስ ይመጡና ከስንዱ ጀርባ ይቀመጣሉ። «አፍንጫው ወረድ ይበል» ይላሉ። «ግንባሩ ሰፊ ነበር። አይ፣ እንዲህ አይደለም፣ ጠበብ አድርጊው።» ቃል ሲያጡ ተነሥተው መዳፋቸውን ጭቃው ላይ ያሳርፋሉ። «እጄ ያውቀዋል» ይላሉ፤ ጉንጩን፣ አገጩን፣ ከጆሮው በታች ያለችውን ጎድጓዳ እየዳሰሱ። አራት ወር ሙሉ አንድ ቅዳሜ አልቀሩም። ሲመለሱ ጥፍራቸው ውስጥ ጭቃ ይዘው ነው የሚሄዱት።

ፊቱን ያመጣው ወንድሟ ሙሉቀን ነው። ዘመድ ሁሉ ቁርጥ አባቱን ነው ይላል፤ ስለዚህ ስንዱ በርጩማ ላይ አስቀምጣ እሱን እያየች ትሠራለች። ሙሉቀን እዚሁ ከተማ ዳቦ ቤት ይሠራል። ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ ጠዋት ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ ይመጣል። «ስንድዬ፣ ቶሎ በይ» ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ተቀምጦ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ሻይ አስመጣለትና ሳይጠጣው ይቀዘቅዛል። እሱም አራት ወር አልቀረም፤ ሌላ ሰው የሚተኛበትን ሰዓት እዚያ በርጩማ ላይ ጨረሰው።

የሚሠራውን እጅ ያመጣችው ስንዱ ናት። ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ አፈረሰችው። ሦስተኛውን ስታፈርስ ጭቃውን በሁለት እጇ እያፈሰች ወደ ማቦኪያ ገንዳዬ ስትወረውር አየኋት። «ጋሽ ወንዴ፣ ሁሉ ነገሩ ልክ ነው፣ ግን ሰው አይደለም» አለችኝ። ሂጂና ተኚ አልኳት። አልሄደችም፤ አራተኛውን ጀመረች።

በአራተኛው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስንዱ እናቷ የነገሯትን ትታ ፊት ለፊቷ ያለውን ብቻ አየች። የሙሉቀን የዓይን ሽፋን እንቅልፍ ሲከብደው ዝቅ ይላል፣ አፉ በአንድ ጎን ይላላል፤ እሱን ሠራች። ቅዳሜ ወይዘሮ ደብሪቱ ገቡ። ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ቆመው ቀሩ።

«መጣ» አሉ።

ወደ ጭቃው ጠጋ አሉ።

«ከመንገድ ሲገባ እንዲህ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ እንዲህ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ማን ነገረሽ?»

ሙሉቀን በርጩማው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል፤ አልሰማም። የባላቸው ድካም ነው ብለው የለዩት የልጃቸው ድካም ነበር። እኔ አየሁ፣ ስንዱም አየች፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

አሁን የእኔ ጥፋት ይመጣል። የመመረቂያ ፈተናው ስድስት ቀን ሲቀረው ስንዱ መጥታ፣ «ጋሽ ወንዴ፣ የሚፈታውን ቅርፊት ሥራልኝ። አንድ ለእማዬ፣ አንድ ለእኔ» አለችኝ። አይደርስም አልኳት። የዚያኑ ዕለት ብጀምርና እሑድን ብጨምርበት ይደርስ ነበር። ግን ወገቤን አሰብኩ። ጄሶውም ካለፈው ዓመት የተረፈ፣ እርጥበት የጠጣ ነበር፤ አዲስ ላስመጣ ብል ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ፣ ደብዳቤውም ታከተኝ። ስለዚህ በአንድ ቀን ተኩል የሚያልቀውን ሠራሁ። ቅርፊቱን ፈልጬ ስጥለው ራሱ ከነድካሙ ወጣ። አንድ ብቻ። ከጆሮው ኋላ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለችው።

በፈተናው ቀን መምህራኑ ተደርድረው ተቀመጡ። ወይዘሮ ደብሪቱና ሙሉቀን ከኋላ ተቀምጠዋል፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜአለሁ። ስንዱ ሦስት ሥራ አቅርባለች። ሰብሳቢዋ መምህርት፣ «እስቲ ሥራሽ ለአንቺ ምን እንደሆነ አስረጂን» አሉ።

የመጀመሪያው በሌላ ሰሃን የተከደነ ሰሃን ነበር። «የአባቴ እራት ነው» አለች ስንዱ። «እናቴ ማታ ማታ ከድና ታስቀምጥለት ነበር። ጠዋት ወንድሜ ይበላዋል።»

ሁለተኛው ትልቅ የወንድ ጫማ ነው፤ ውስጡ ትንሽ እግር አለ። «ጫማው የአባቴ ነው፤ እግሩ የወንድሜ። አባቴ ሲጠፋ ወንድሜ አሥር ዓመቱ ነበር። የጫማው ጫፍ ውስጥ ጨርቅ እየጠቀጠቀ አደረገው።»

ከዚያ ወደ ጄሶው ራስ ዞረች።

«አባቴ ነው ልላችሁ ነበር። ግን አላውቀውም። ስለሱ የማስታውሰው ሁለት ነገር ነው፤ የናፍጣ ሽታውና ወደ ላይ ሲያነሣኝ ጣሪያው የቀረበኝ። ፊት የለውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት የሌለው ሰው ናፈቀኝ። ይሄን የሠራሁት ማን እንደሚናፍቀኝ ለማወቅ ነው።»

«ታዲያ አወቅሽ?» አሉ አንዱ መምህር።

«አሁን ፊት አለው» አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጥያቄ አልነበረም። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ተባለ። በደንቡ መሠረት ምርጥ የተባለው በትምህርት ቤቱ መግቢያ አዳራሽ ይቆማል፤ ስንዱም ረዳት ሆና እዚሁ እንድትቀጥል ተነገራት። ጠዋት ጠዋት በአባቷ ፊት አልፋ ልትገባ ነው። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳቋ የቆየው ወደ እኔ ክፍል እስክንገባ ድረስ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ከቦርሳቸው ታጥቦ የታጠፈ ጋቢ አወጡ።

«የሱ ነው» አሉ። «በዚህ ጠቅልዬ ልወስደው ነው። ልቀብረው ነው።»

ስንዱ ቀልድ መስሏት ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ረጋ ብለው ተናገሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥቁር አልለበሱም፤ ሞቷል ያለ የለማ። ደማቅ ቀለምም አልለበሱም፤ ይመጣል ያለም የለም። እድሩን ድንኳን ትከሉልኝ ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል። «አስከሬን በሌለበት፣ የዓይን ምስክር በሌለበት በምን እንተክላለን?» ነው መልሱ። ያዘነ ጎረቤት መጥቶ አልተቀመጠላቸውም፣ «እግዜር ያጥናሽ» ያላቸው የለም። የንስሐ አባታቸውን ስለዚህ ራስ አማክረው ነበር። «ለጄሶ ፍትሐት የለም፤ በራስሽ የመቃብር ቦታ ዕቃ አስቀምጠሽ ብታለቅሺ ግን እጅሽን አልይዝም» አሏቸው። «እኔም ሌላ አልፈልግም» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ፊቱን አይቼ ላልቅስና አፈር ላልብሰው። ከዚያ ቁጭ ልበል። ቆሜ ደከመኝ።»

ሙሉቀን እስከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። «አይቀበርም» አለ። «ወደ አዳራሹም አይሄድም። ለእኔ ስጡኝ።»

«ምን ልታደርገው?» አለች ስንዱ።

«እሰብረዋለሁ።»

ስንዱ በራሱና በወንድሟ መካከል ገብታ ቆመች። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሙሉቀን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እማዬ፣ እኔ የአባዬን እራት በልቼ አደግኩ» አለ። «ጫማውን አደረግኩ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሥራውን ሠራሁ። ስሜን ትተሽ ዳምጤ እያልሽ ስትጠሪኝ አቤት አልኩ። አንድም ቀን አልተናገርኩም። የቀረኝ ፊቴ ነው። ይሄ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከዳቦ ቤት መጥቼ ስተኛ ነው። በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው? ወይስ ሰው ሁሉ 'የሞተው ሾፌር' እያለ አዳራሽ ውስጥ ሊያየኝ ነው?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ልጃቸውን አዩት፣ ጄሶውን አዩት።

ስንዱም የራሷን ተናገረች። «እናንተ አይታችሁታል። አንተ አሥር ዓመት፣ እማዬ አሥራ ሁለት ዓመት አብራችሁት ኖራችኋል። እኔ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱንም በእጄ ሠርቼ ነው ያገኘሁት። በአባቴ ሳፍር ነው ያደግኩት፤ ምን ይመስላል ሲሉኝ የምለው አልነበረኝም። አሁን ነዋ ብዬ ባሳይበት ለምን ትወስዱብኛላችሁ?»

እኔ መሐል ገባሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከጄሶው ራስ ላይ ቅርፊት አንሥቼ ሌላ ላውጣ፣ ሁለትም ሦስትም ላውጣ አልኩ። ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «አንድ ሰው ሁለት አስከሬን የለውም፤ ደጋግሞ የሚወጣ ከሆነ የገበያ ዕቃ ነው» አሉ። ሙሉቀን፣ «አንዱን ሳልችል ሦስት ልታደርጉት ነው?» አለ። ስንዱ ብቻ እሺ ብላ ነበር፤ ግን መምህሯ ስንጥቁን አይተው፣ ይህ እርጥበት የጠጣ ጄሶ ዳግመኛ ቢለበስ ይፈርሳል አሉ። ስለዚህ ያ መንገድ ተዘጋ።

ትምህርት ቤቱ የቤተሰብ ጠብ ውስጥ አልገባም አለ። ሦስቱ እስኪስማሙ ራሱ በእኔ ዕቃ ክፍል ይቀመጥ፤ እስከ ሐምሌ ሠላሳ ካልተስማሙ ክፍሉ ለእድሳት ስለሚለቀቅ ወንዳፍራሽ ለሚገባው ያስረክብ ተባለ። ለሚገባው። ይህን የጻፈው ሰው ቢሮው ተቀምጦ ነው የጻፈው።

አልተስማሙም። በዚህ ወር ሦስቱም በየተራ ወደ እኔ መጡ።

መጀመሪያ ስንዱ መጣች። የተሸፈነውን ራስ ገልጣ አቧራውን በብሩሽ አነሣችለት። «ጋሽ ወንዴ፣ መጀመሪያ ሲጠፋ አላለቀስኩም፤ ሕፃን ነበርኩ፣ አልገባኝም። አሁን ከተቀበረ ወይም ከተሰበረ ለእኔ የሚጠፋው ገና ዛሬ ነው» አለችኝ። የአዳራሹንና የረዳትነት ሥራዋን ነገር አላነሣችም። እኔም አላነሣሁባት።

ቀጥሎ ሙሉቀን መጣ፤ ከሥራ እንደወጣ። አልገለጠውም፤ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ። ባለቤቱ እርጉዝ ናት፤ መውለጃዋ ደርሷል። «ጋሼ፣ ልጄ ሲወለድ እማዬ 'ዳምጤን መሰለ' ልትል ነው። ዘመድ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔን መሰለ የሚል አንድ ሰው አይገኝም?» አለኝ። ሻይ አስመጣሁለት። ያን ቀን ጠጣው።

መጨረሻ ወይዘሮ ደብሪቱ መጡ። ልጆቻቸው ፊት ያልተናገሩትን ለእኔ ነገሩኝ።

«አቶ ወንዳፍራሽ፣ ድካሙ የሙሉቀን እንደሆነ አውቃለሁ። የዚያን ቅዳሜ ሳይሆን፣ ፈተናው ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ አወቅኩት።»

ታዲያ ለምን ይቀብሩታል አልኳቸው።

«ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ዳምጤ ይመጣልኝ ነበር። ቅር ይለው፣ ይስቅ፣ ይቆጣ ነበር። አራት ወር ሙሉ እያወጣሁ ለስንዱ ሰጠኋት፤ አፍንጫውን ሰጠሁ፣ ግንባሩን ሰጠሁ። አሁን ስጨፍን የሚመጣው ይሄ ነው። ነጭ ነው፤ አይስቅም። የድሮውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥብቄ የያዝኩት ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ሞተብኝ። አሁን እውነትም ሟች አለኝ። ሟቼን ስጡኝ።»

ይህን ብለው ጋቢውን እኔ ዘንድ ትተውት ሄዱ።

ዛሬ ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ነው። ነገ ጠዋት ሦስቱም ይመጣሉ፤ ቁልፉ በእኔ ኪስ ነው። ለእናትየው እንዳልሰጥ፣ በሕይወት ያለ ሰው ፊት አፈር ሊለብስ ነው፣ ስንዱም አባቷን ልታጣ ነው። ለሙሉቀን እንዳልሰጥ፣ የሁለት ሰው ልብ በአንድ መዶሻ ሊሰበር ነው። ለስንዱ እንዳልሰጥ፣ እናቷ ቆመው ሊቀሩ ነው፣ ወንድሟም በየቀኑ በሕዝብ ፊት የሞተ ሰው ሊሆን ነው። እኔ ደግሞ ጄሶ በጥባጭ ነኝ፤ ዳኛ አይደለሁም፤ ቢሆንም ያችን እሑድ ብሠራ ኖሮ ይህ ሁሉ ምናልባት አይመጣም ነበር።

አንዷ በእጇ ሠራችው። አንዱ ፊቱን ሰጠበት። እናትየው የነበራቸውን ትዝታ ጨረሱበት። እስቲ ንገሩኝ፣ ነገ በሩን ስከፍት ራሱን አንሥቼ በማን እጅ ላስቀምጠው?